ስንጥቁ ላይ የተሠራው ግንብ

ስንጥቁን መጀመሪያ ያየችው ጠጠር ናት። ጠጠር እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ከኪሷ፣ ከቦርሳዋ፣ አንዳንዴም ከጫማዋ ውስጥ የድንጋይ ስባሪ ስለማይጠፋ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቿ የለጠፉባት ነው። የተራራውን መናፈሻ በሚያስተዳድረው ጽሕፈት ቤት ውስጥ ከእሷ በቀር ስለ ድንጋይ የተማረ ሰው አልነበረም። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ አበሳው ብዙ ነው። ትክክል ሲናገር የሚያውቅለት፣ ሲሳሳትም የሚያርመው የለም። ስለዚህ ሁሉም አክብሮ ያዳምጠውና ወደ ሥራው ይመለሳል።

ስንጥቁ የሚገኘው ጎብኝዎች ቆመው ሸለቆውን በሚያዩበት አፋፍ ላይ ነው። ከገደሉ ጫፍ አምስት እርምጃ ያህል ወደ ኋላ፣ ሣር ውስጥ ተደብቆ፣ ከጫፉ ጋር ጎን ለጎን ወደ አርባ እርምጃ ይሄዳል። አንዳንድ ቦታ ላይ ሳንቲም እንኳ አያስገባም፤ አንዳንድ ቦታ ላይ ጣት ይውጣል። ጠጠር አንድ ቀን ተንበረከከችና ከኪሷ አንድ ስባሪ አውጥታ ለቀቀችበት። ስባሪው እየተንኳኳ ወረደ፣ ወረደ፣ ድምፁ እየራቀ ሄደና ጠፋ። መሬት ሲነካ አልሰማችም። ቀና ስትል ሃያ ያህል ሰው ከስንጥቁ ወዲያ ማዶ ተደርድሮ ፎቶ ይነሣል።

ከስንጥቁ ግራና ቀኝ ሁለት የብረት ካስማ ተከለችና ሰኞ ሰኞ ጠዋት በመካከላቸው ያለውን ርቀት መለካት ጀመረች። በሁለት ወር ውስጥ ስንጥቁ አራት ሚሊ ሜትር ሰፋ። ሪፖርት ጻፈች።

«አራት ሚሊ ሜትር?» አለ ኃላፊው፣ ወረቀቱን ራቅ አድርጎ እየያዘ። «የጥፍር ቁራጭ እኮ ናት!»

«መጠኑ አይደለም ዋናው። መንቀሳቀሱ ነው።»

«እሺ፣ እናየዋለን» ብሎ ሪፖርቱን ጠረጴዛው ዳር ካለው ክምር ላይ አኖረው። «ይልቅ የሰሌዳው ጽሑፍ የት ደረሰ?»

እዚያ መሥሪያ ቤት የጠጠርን ጨጓራ የሚልጥ ነገር ቢኖር ይህ ሰሌዳ ነው። አፋፉ አጠገብ ተተክሎ ተራራው እንዴት እንደተፈጠረ ለጎብኝ በአጭሩ የሚነግር ሰሌዳ። አራት ጊዜ ጽፋ አራት ጊዜ ተመልሶባታል። በመጨረሻው ላይ ኃላፊው በቀይ እስክሪብቶ «ፍንዳታው የታለ?» ብሎ ጽፎበታል።

«ፍንዳታ አልነበረም» አለች። «መሬቱ ተተረተረ፤ ቅልጥ አለቱ እንደ ማር ቀስ ብሎ ፈሰሰና ሜዳውን ሞላው። ቀዘቀዘ። ከዚያ ስንት ሺህ ዓመት ዝም። በላዩ አፈር ተፈጠረ፣ ዛፍ በቀለ። ከዚያ እንደገና ፈሰሰ። ሌላው ሥራ ሁሉ የውሃ ነው። ይህን ተራራ ተራራ ያደረገው ውሃ ነው።»

«ውሃማ በየቤቱ አለ» አለ ኃላፊው። «ሰው ይህን ሁሉ መንገድ የሚመጣው ለፍንዳታ ነው። እስቲ አንድ ትንሽ ፍንዳታ አስገቢበት።»

«ትንሽ ፍንዳታ።»

«ትንሽ።»

ጠጠር ወረቀቷን ሰብስባ ወጣች። በሩን አላላተመችውም፤ ቀስ አድርጎ መዝጋቱ ግን ብዙ ጉልበት ጠየቃት።

በሳምንቱ ለምሳ ወደ ቤት ስትገባ አባቷ ከመቼውም ቀድመው ገብተው፣ ታጥበው፣ ሸሚዝ ቀይረው ተቀምጠዋል። አባቷ ግንበኛ ናቸው። በከተማው ውስጥ ካለው የድንጋይ ቤት እኩሌታው የእሳቸው እጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አርባ ዓመት ድንጋይ ሲጠርቡ ኖረው መዳፋቸው ራሱ ሊጠረብ የተዘጋጀ መስሏል።

«ሰማሽ?» አሉ። «የተራራውን ግንብ ለእኔ ሰጡኝ።»

«የቱን ግንብ?»

«አፋፉ ላይ ሰው እንዳይወድቅ የሚሠራውን ነዋ። መሥሪያ ቤትሽ አይደለም እንዴ? ታውቂያለሽ ብዬ።»

አታውቅም ነበር። ኃላፊው ስለ ግንብ አንዲት ቃል ትንፍሽ አላለላትም።

«የት ጋ ነው የሚሠራው?»

«ጫፉ ላይ። ሰው ተደግፎ እንዲያይ።»

ጠጠር የያዘችውን ጉርሻ ትሪው ላይ መለሰችና፣ «አባባ፣ እዚያ ቦታ ስንጥቅ አለ። ጫፉ በሙሉ ከተራራው እየተለየ ነው» አለች።

«ድንጋይ ይሰነጠቃል» አሉ። «የእኔም ተረከዝ ተሰንጥቋል፤ ይኸው እሄድበታለሁ።»

«አባባ፣ የምሬን ነው።»

«እኔስ ቀልድ ያወራሁ መሰለሽ? ክረምት በመጣ ቁጥር ያሳክከኛል።»

«እባካችሁ!» አሉ እናቷ ማንኪያቸውን አስቀምጠው። «በመስኮቱ የእሷ ድንጋይ፣ በግቢው ያንተ ድንጋይ። በዚህ ቤት ድንጋይ ያልተቀመጠበት የቀረው ይህ ገበታ ብቻ ነው። እሱን እንኳ ተዉልኝ።»

በማግስቱ ጠዋት፣ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት፣ ጠጠር አባቷን ገደሉ ከጎን ወደሚታይበት የመንገድ መታጠፊያ ወሰደቻቸው። ከዚያ ሲያዩት ተራራው ከላይ እስከ ታች ንብብር ነው። ወፍራም ጥቁር፣ ከሥሩ ቀጭን ቀይ፣ ከዚያ እንደገና ጥቁር፣ እንደገና ቀይ፤ እንዲህ እያለ እስከ ወንዙ ይወርዳል። ከሸለቆው ማዶ ያለው ተራራም እንደዚሁ ነው፤ አናቱ ከዚህኛው አናት ጋር በውሃ ልክ የተለካ ይመስል እኩል ነው።

«ይታይዎታል? ማዶ ያለውና ይህ አንድ ሜዳ ነበሩ። መሃሉን አውጥቶ የወሰደው ውሃ ነው። ጥቁሩ ጠንካራ ነው። ቀዩ የድሮ አፈር ነው፤ ቅልጥ አለቱ በላዩ ሲፈስ እንደ ሸክላ ጠበሰው፣ ግን አሁንም ለስላሳ ነው። ዝናብና ንፋስ ቀዩን ከሥር ይበሉታል። ጥቁሩ ሥሩ ባዶ ሲሆንበት አየር ላይ ይንጠለጠላል። ከኋላው ይሰነጠቃል። ከዚያ ተገንጥሎ ይሄዳል። ከዚያ ተራው ከኋላው ላለው ይደርሳል። ይህ ሁሉ ሸለቆ የሰፋው እንዲህ በቁራጭ በቁራጭ ነው።»

አባቷ እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አድርገው ለረጅም ጊዜ ተመለከቱ። ጠጠር ተስፋ አደረገች።

«እንዴት ያለ ድንጋይ ነው!» አሉ በመጨረሻ። «ጥቁሩን እይው እስቲ። ተጠርቦ ያለቀ እኮ ነው። ጠርዙን ተመልከቺ!»

«አባባ!»

«እየሰማሁሽ ነው። ስንት ዓመቱ ነው አልሽ?»

«ከላይ ያለው ወደ ሃያ ስምንት ሚሊዮን።»

«እንግዲህ ሃያ ስምንት ሚሊዮን ዓመት የቆመ ድንጋይ፣ እኔ አንድ ግንብ ልሥራበት ስል ይወድቃል?»

በዓለም ላይ ካለ ክርክር ሁሉ ጠጠርን የሚያንገበግባት ይህ ነው። ስህተት ነው፤ ለጆሮ ግን ይጥማል። ትምህርት ቤት የተማረችው ሁሉ በአንድ ጊዜ አፏ ላይ ተጨናነቀ።

«አልቆመም!» አለች። «አንድም ቀን ቆሞ አያውቅም! እኛ እዚህ ቆመን ስናወራ እንኳ እየሄደ ነው። ወንዙን ይዩት፣ ቀይ አይደለም? ቀለሙ ከየት የመጣ ይመስልዎታል? ተራራው ነው እኮ፣ ተራራው ነው የሚፈሰው!»

«አትጩሂብኝ» አሉ አባቷ ረጋ ብለው። «እኔ አባትሽ ነኝ፣ ገደሉ አይደለሁም።»

«ይቅርታ አባባ።»

«ምንም አይደል። መሠረቱን ጠለቅ አደርገዋለሁ።»

ወይ ፍንክች! ጠጠር ወደ ቢሮ ሄዳ ሁለተኛ ሪፖርት ጻፈች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ሦስተኛ ጻፈች። ለሁለተኛው ኃላፊው አመሰገናት። ለሦስተኛው ደግሞ የግንቡ ምረቃ ቀን መቆረጡን፣ ከበላይ መሥሪያ ቤት እንግዶች እንደሚመጡ፣ ግንቡም ለደህንነት ተብሎ የሚሠራ ስለሆነ ስለ ደህንነት የምታነሣው ስጋት በዚያው መልስ ማግኘቱን አስረዳት።

ግንቡ በበኩሉ ያምር ነበር። ይህን ማመን ያንገሸግሻታል፤ ግን ያምር ነበር። ወገብ ድረስ የሚደርስ፣ ከገደሉ ጫፍ ሁለት እርምጃ ገባ ብሎ የሚሄድ፣ ዳርና ዳሩ ወደ ኋላ ታጥፎ ስንጥቁን እያቋረጠ ዋናው አለት ላይ የሚያርፍ ግንብ ነው። አባቷ እያንዳንዱን ድንጋይ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጠው ነው ያስቀመጡት። በመካከሉ ያለው የሲሚንቶ መስመር በእርሳስ የተሰመረ ይመስላል።

ታዲያ አንድ ሰኞ ካስማዎቿን ልትለካ ስትመጣ፣ ግንቡ ታጥፎ ስንጥቁን በሚያቋርጥበት ቦታ ላይ የፀጉር ያህል የቀጠነ መስመር አየች። ከላይ እስከ ታች። ስንጥቁ ግንቡን መውጣት ጀምሯል።

«አባባ፣ ይህን አዩት?»

«አየሁት። አሸዋው ጭቃ ነበረው» አሉና በአዲስ ሲሚንቶ ደፈኑት።

በሚቀጥለው ሰኞ እዚያው ቦታ ላይ ያው መስመር አለ።

«አባባ።»

«የሚያቦካልኝ ሠራተኛ ውሃ አብዝቶበት ነው።»

«አባባ፣ አሸዋውም ውሃውም አይደለም!»

ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። መዶሻቸውን አንሥተው አንድ መጠረብ የማያስፈልገው ድንጋይ መጥረብ ጀመሩ። በዚያ ሳምንት ቤት ውስጥ ሁለቱ የሚነጋገሩት በእናቷ በኩል ሆነ። «ለአባባ ጨው አቀብዪያቸው» ትላለች፤ «ጨው እንደማልበላ ንገሪያት» ይላሉ። እናቷ የጨው ዕቃውን አንሥተው ቁም ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት።

በሦስተኛው ሰኞ ጠጠር ዳገቱን ወጥታ አፋፉ ላይ ስትደርስ አባቷ ግንቡን እያፈረሱ ነው። ከሥራ ሰዓት በፊት መጥተው፣ ብቻቸውን፣ ኮታቸውን አውልቀው፣ ሲሚንቶውን በመሮ ፈልቅቀው ድንጋዩን አንድ በአንድ እያወረዱ፣ በጠመኔ ቁጥር እየጻፉበት ሣሩ ላይ ይደረድራሉ። አንደኛው መታጠፊያ ወርዶ አልቋል።

ጠጠር ወደ አባቷ ቀረበች።

«ምን እየሠሩ ነው?»

«አይታይሽም? እያፈረስኩ ነው።»

«ለምን?»

«ይሄዳል» አሉ፣ በጣታቸው መሬቱን እያሳዩ። «ማክሰኞ ዕለት መስመሩ ላይ ጀሶ ለጠፍኩበት። ጀሶ አይለጠጥም፤ ከሥሩ ትንሽ ነገር ከተነቃነቀ ወዲያው ይሰነጠቃል። ቀኑን በእርሳስ ጻፍኩበት። ዓርብ ስመጣ ለሁለት ተከፍሏል። ሌላ ለጠፍኩ። እሁድ መጥቼ አየሁት፣ እሱም ተከፍሏል። ሲሚንቶዬ አይደለም። አሸዋውም አይደለም። መሬቱ ነው የሚሄደው።»

ጠጠር የያዘችውን ማስመሪያ ሣሩ ላይ ወረወረችው።

«እና እኔ ምን ስል ነው የከረምኩት? ሁለት ወር ሙሉ! ሁለት ወር ሙሉ ምን እያልኩ ነበር?»

«አንቺማ ስለ ሚሊዮን ዓመት ነበር የምታወሪው» አሉ አባቷ፣ ከልባቸው ተገርመው። «እኔ ከሚሊዮን ዓመት ጋር ምን አለኝ? ከማክሰኞ እስከ ዓርብ ይሄዳል ብትዪኝ ኖሮ አንድ ድንጋይም አላነሣም ነበር።»

«ሪፖርቴ ላይ አለ እኮ! በየሳምንቱ፣ በቁጥር፣ በሠንጠረዥ!»

«ሪፖርቱን ለእኔ ሰጠሽኝ?»

ሪፖርቱን ለእሳቸው አልሰጠቻቸውም። ለኃላፊው፣ ለመዝገብ ቤትና ለራሷ ነው የሰጠችው። ግንቡን ለሚሠሩት ሰው፣ በአንድ ገበታ ለሚበሉት ሰው፣ ሰኞ ስንት፣ በሚቀጥለው ሰኞ ስንት ብላ አንድም ቀን አልነገረቻቸውም። እውነት ነው። እውነት መሆኑ ደግሞ ንዴቷን ጨመረው እንጂ አላበረደውም።

ይህን ጊዜ ኃላፊው እየሮጠ ደረሰ። ዘበኛው ደውሎለት ኖሯል። ዳገቱ ትንፋሽ አሳጥቶት መጀመሪያ ላይ እጁን በማወናጨፍ ብቻ ነበር የሚናገረው።

«ጋሼ፣ ምን ነካዎት?» አለ፣ ድምፁ ሲመለስለት። «ምረቃው እኮ ዘጠኝ ቀን ነው የቀረው!»

«ወንድሜ፣ ይህ መሬት እየሄደ ነው። ሰው ግንቤን ተደግፎ እንደቆመ አብሮት ገደል ሲገባ ማየት አልፈልግም።»

«ማነው እየሄደ ነው ያለው?»

ጠጠር ሁለት እርምጃ ራቅ ብላ ቆማ ነበር። ሦስት ሪፖርት የጻፈች፣ አሥራ ስድስት ሰኞ የለካች፣ በአካል የቆመች ባለሙያ። አባቷ አላዩዋትም።

«ጀሶው» አሉ።

ኃላፊው ሱሪው እንዳይቆሽሽ ሰብሰብ አድርጎ ቁጢጥ አለና ወደ ቀረው መታጠፊያ አንገቱን አሰገገ። ነጩ ጀሶ ላይ በእርሳስ የተጻፈው ቀን ይነበባል፤ መሃሉ ላይ ስለት የሄደበት ይመስል ለሁለት ተከፍሏል። ብዙ አየው። ቀስ ብሎ ተነሣና ቆሞበት የነበረውን ቦታ አይቶ ወደ ኋላ ራቅ አለ። ስድስት እርምጃ ያህል። ከዚያ ወደ ጠጠር ዞሮ፦

«ይህን የመሰለ ነገር እንዴት ቀደም ብሎ አይነገረኝም?» አላት።

ጠጠር ፊቷን ወደ ሸለቆው አዙራ ቆመች፤ ወደ ሰው ብትዞር ከአፏ የሚወጣውን አታውቀውም። ከታች ወንዙ ቀይ ሆኖ ይሄዳል። አባቷ ከኋላዋ «ሃያ ሦስት» አሉና ቁጥሩን ጽፈው ድንጋዩን አስቀመጡ። «ሃያ አራት።»

ምረቃው ተሰረዘ፤ እንግዶቹም ቀሩ። ግንቡ ከስንጥቁ አሥራ ሁለት ሜትር ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በዚያው ድንጋይና በዚያው ቁጥር ቅደም ተከተል ተሠራ። ሰሌዳው ተተከለ። በመጨረሻው ሰዓት ኃላፊው በእጁ «ከታላቅ ፍንዳታ በኋላ» የሚል ጨምሮበት ኖሮ፣ ጠጠር ያየችው ከታተመ በኋላ ነው። አሁን ጎብኝ ሁሉ ፍንዳታው የት ጋ እንደነበረ ይጠይቃታል።

ሰው እንደሚጠብቀው ቢሆን ኖሮ በዚያው ክረምት ገደሉ ተንዶ፣ ከተማው በሙሉ «ልጅቷ ብላ ነበር» ይል ነበር። አልተናደም። ክረምቱ አለፈ፣ ሌላም ክረምት መጥቶ አለፈ። ስንጥቁ አንድ ሳምንት ሦስት ሚሊ ሜትር ይሄድና ለሁለት ወር ጸጥ ይላል። ኃላፊው በየስብሰባው መጨረሻ ላይ ፈገግ ብሎ፣ «ያ ገደልሽ እንዴት ነው? ደህና ነው?» ይላታል። ሰው ሁሉ ይስቃል። ጠጠር ነገም ሊሄድ ይችላል፣ ከመቶ ዓመት በኋላም ሊሄድ ይችላል፣ ለተራራው ሁለቱም አንድ ቀን ናቸው ብላ ታስረዳለች። ይህን ስትናገር ሰው ሰዓቱን ያያል።

ትልቁ ጣጣ ግን ጎብኝዎቹ ናቸው። ከአዲሱ ግንብ ጀርባ ሸለቆው በግማሽ ነው የሚታየው። ስለዚህ ይዘሉታል። ወገብ ድረስ የሚደርሰውን ግንብ እንደ ደጃፍ ደፍ እየተራመዱ፣ ሣሩን አቋርጠው፣ ስንጥቁን ሳያዩ ተሻግረው፣ ጫፉ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ይቀመጣሉ። ጠጠር ጉሮሮዋ እስኪነቃ ትጮሃለች። በመጨረሻ ጽሕፈት ቤቱ ግንቡ በሦስት ረድፍ ከፍ እንዲል ወሰነና አባቷን መልሶ ጠራቸው።

በዚያ ሥራ በሁለተኛው ቀን አንድ ወጣትና እጮኛው ግንቡን ዘለው ወደ ጫፉ ሄዱ። ጠጠር ተከትላቸው እስከ ስንጥቁ ሄደች።

«ይቅርታ፣ እዚያ መቆም አይቻልም። የቆማችሁበት ድንጋይ ከተራራው ተለያይቷል።»

«እውነት?» አለ ወጣቱ፣ በፍላጎት። «እንዴት?»

ነገረችው። ስለ ጥቁሩ፣ ስለ ቀዩ፣ ስለ ውሃው። ልጁ ጥሩ አድማጭ ነበር፤ አንገቱን እየነቀነቀ ሰማት። እጮኛውም ሰማች።

«ይገርማል» አለ። «እና መቼ ነው የሚወድቀው?»

«መቼ እንደሆነ ማንም አያውቅም።»

«እንግዲያው አንድ ፎቶ ብቻ» ብሎ ስልኩን ዘረጋላት። «ብታነሺን?»

ከጀርባዋ «ውጡ!» የሚል ድምፅ ተሰማ። አባቷ የግንበኛ ማንኪያቸውን በእጃቸው እንደያዙ ግንቡ ላይ ቆመዋል። «ውጡ ብያለሁ! አሁኑኑ!»

ጥንዶቹ እንደ ተማሪ ቤት ልጅ ተሽቀዳድመው ወጡ። ወጣቱ እንዲያውም «ይቅርታ ጋሼ» አለ።

ጠጠር ወደ ግንቡ ተመለሰች። «እኔ ስናገር ለምንድን ነው የማይሰሙት?»

«ይሰሙሻል እንጂ» አሉ አባቷ፣ ከግንቡ እየወረዱ። «ደስ ስለሚላቸው ነው የሚቆዩት። በይ አሁን ድንጋይ አቀብዪኝ፣ ረዳቴ ዛሬ ቀርቷል።»

ከክምሩ አንድ ጥሩ ድንጋይ መርጣ ሰጠቻቸው። አገላብጠው አዩና መለሱላት። ሌላ ሰጠቻቸው፤ እሱንም መለሱ። ሦስተኛውን ስትመርጥ ጊዜ ወሰደች፤ ጠርዙን፣ ፊቱን፣ ክብደቱን አይታ፣ እንከን የሌለበትን አንሥታ በሁለት እጇ አቀበለቻቸው። በእጃቸው ትንሽ አቆይተው መሬት ላይ አኖሩት።

«ይህስ ምን ሆነ?»

«ምንም አልሆነ። አልወደድኩትም።»

ጠጠር እጅጌዋን ሰብስባ ሌላ ልትፈልግ ወደ ክምሩ ሄደች።